ጥሩ ሠራተኛ አግኝቶ ማቆየት፦ ካፌና ምግብ ቤት ላላችሁ፣ ከማስታወቂያው እስከ ስንብቱ

የፋሲካ ማግስት ሰኞ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በር ስከፍት መምጣት ካለባቸው አምስት ሰዎች ሁለቱ ብቻ ቆመዋል። ባሬስታዋ ስልኳ ዝግ ነው፣ አንዱ አስተናጋጅ «ጋሼ ይቅርታ፣ አገር ቤት ነኝ አልመለስም» ብሎ ሜሴጅ ልኳል፣ ዕቃ የምታጥበው ልጅ ደሞ እዛው ሰፈር ሌላ ቤት ገብታለች። ራሴ ማሽኑ ጋ ቆሜ ማኪያቶ ሳወጣ ዋልኩ። ማታ ሒሳብ ዘግቼ ደብተር አወጣሁና በዛ ዓመት የገባውንም የወጣውንም ስም በስም ጻፍኩ፣ ለ11 የሥራ ቦታ ከ20 በላይ ሰው አልፏል። እስከዛ ቀን ድረስ «የዘንድሮ ልጅ ሥራ አይወድም» ነበር የምለው፣ የካፌ ባለቤቶች ስንገናኝ ሁላችንም የምንለው እሱን ነው። ዝርዝሩን ሳየው ግን አብዛኞቹ የለቀቁት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ውስጥ ነው፣ ሁለት ዓመት የቆዩት ደሞ ከእነሱ የበለጠ ደሞዝ ስለነበራቸው አልነበረም የቆዩት። ቁጭ ብዬ ሳስበው ለቆዩት ሰዎች ስንቀጥራቸው የነገርናቸውና ገብተው ያገኙት አንድ ነበር፣ ለሄዱት ግን አንድ ነገር ነግረናቸው ሌላ ነው ያገኙት።

ከዛ ወዲህ ቤቱን በዚች ሐሳብ ነው ያስተካከልኩት፣ የተናገርከውን ስጥ፣ መስጠት የማትችለውን አትናገር። ከዚህ በታች የምጽፈው በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ነው። ምሳሌዎቼ የካፌና የምግብ ቤት ናቸው፣ ሱቅም ጋራዥም ፀጉር ቤትም ያላችሁ ግን ብዙው ይሠራላችኋል።

1. መጀመሪያ የለቀቁትን ጠይቁ

ማስታወቂያ ከመለጠፋችሁ በፊት ባለፈው አንድ ዓመት የለቀቁትን በዝርዝር ጻፉ፦ መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ፣ ምን ሥራ ላይ ነበር፣ አለቃው ማን ነበር። ቀጥሎ ደውሉላቸው። ሲወጡ የነገሯችሁን ምክንያት ብዙ አትመኑት፣ ሰው ቀሪ ሒሳቡ በእጃችሁ እያለ «ቤተሰብ ታሞብኝ ነው» ነው የሚለው። ሒሳቡ ተዘግቶ አንድ ወር ካለፈ በኋላ ግን ይናገራል። እኔ ስደውል እንዲህ ነበር የምለው፦ «ተመለሺ ልልሽ አይደለም የደወልኩት፣ የምትነግሪኝም ማንንም አያስቀጣም፣ ቤቱን ላስተካክል ስለፈለኩ ነው።»

ከደወልኩላቸው ሰባት ሰዎች ደሞዝ ያሉኝ ሁለት ናቸው። ሦስቱ ስለ አንድ ሰው ነው ያወሩኝ፣ ስለ ሱፐርቫይዘሩ። አንዷ ማታ ወጥታ ጀሞ ለመድረስ ታክሲ አታገኝም ነበር፣ ለራይድ የምታወጣው የቲፑን ግማሽ ይበላባታል። የመጨረሻው ልጅ ያለኝን አልረሳውም፣ «እሁድ ታርፋለህ ብላችሁኝ ነበር፣ በሦስት ወር አንድ እሁድ ነው ያረፍኩት» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የተናገርኩትም እኔ ነበርኩ።

የሰው መልቀቅ ምን ያህል እንደሚያስወጣችሁም አስሉ። የደላላ፣ አዲሱ ሰው እስኪለምድ ሁለትና ሦስት ሳምንት በግማሽ ጉልበት የሚሠራበት፣ ተሳስቶ የሚመለስ ትዕዛዝ፣ የሚሰበር ብርጭቆ፣ ከሁሉ በላይ ደሞ የሄደውን ሰው ሥራ ደርበው ሲሠሩ የሚደክማቸው የቀሩት ልጆች፣ እነሱም በተራቸው ይለቃሉ። ይሄን ደምራችሁ ካያችሁት በኋላ 500 ብር ጭማሪ መስጠት ያን ያህል አይከብድም።

2. ሥራውን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉት

ማስታወቂያ ማለቴ አይደለም፣ ለራሳችሁ የምትጽፉት ነው። የሚሠራው ምንድነው፣ ስንት ሰዓት ገብቶ ስንት ሰዓት ይወጣል፣ ዕረፍቱ የትኛው ቀን ነው፣ ከማን ነው ትዕዛዝ የሚቀበለው፣ ምግብ አለ ወይ፣ ቲፕ እንዴት ይከፋፈላል፣ በዓል ይሠራል ወይ፣ ደሞዝ በስንት ቀን ይገባል። እጃችሁ ላይ የሌለውን አትጻፉ። ባሬስታ ብላችሁ ቀጥራችሁ ወለል የምታስወለውሉ ከሆነ ወለል መወልወሉም ወረቀቱ ላይ ይግባ፣ ሰው ወለል መወልወል አይጠላም፣ ያልተነገረው ሲመጣበት ነው የሚከፋው።

ደሞዙን በሁለት ቁጥር ጻፉት፣ ጥቅሉንና እጁ ላይ የሚገባውን። ብዙ ጠብ የሚነሳው እዚህ ጋ ነው። ለምሳሌ ጥቅል ደሞዝ 8,000 ብር ይሁን። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው (ድሮ 600 ብር ነበር)፣ ቀሪው በየደረጃው ሲሰላ ግብሩ 1,150 ብር ይመጣል፣ የጡረታ 7 በመቶ ደሞ 560 ብር፣ ስለዚህ ሠራተኛዋ እጇ ላይ የሚደርሳት 6,290 ብር ነው። እናንተ በበኩላችሁ 11 በመቶ የጡረታ ድርሻ 880 ብር ስለምትጨምሩ የእሷ ወርሃዊ ወጪ ለእናንተ 8,880 ነው። «8,000 ነው» ተብላ ገብታ የመጀመሪያው ወር ላይ 6,290 ስትቀበል የተሰረቀች ነው የሚመስላት፣ ቀድማ ካወቀችው ግን ችግር የለውም።

የሰፈሩን ዋጋም እወቁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዘይቱም ኪራዩም ታክሲውም ስንት እንደደረሰ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኛ ሜኑ ላይ ዋጋ ስንቀይር የሠራተኛው ደሞዝ ግን የዛን ጊዜው ላይ ቆሞ የቀረባቸው ቤቶች አሉ። ጎረቤት ያሉ ሦስት አራት ቤቶች ለዛው ሥራ ስንት እንደሚከፍሉ ጠይቁ፣ አስተናጋጆቹ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፣ ከእናንተ በፊት ያውቁታል።

3. የት እንደምትፈልጉ

በእኔ ልምድ ከሁሉ የሚቆየው እዛው ቤቱ ውስጥ በሚሠራ ሰው በኩል የመጣ ሰው ነው። ምክንያቱም ጓደኛዋ እውነቱን ነግራት ነው የምትመጣው፣ «አለቃው እንዲህ ነው፣ ቅዳሜ ይበዛል፣ ምግቡ ጥሩ ነው» ተብላ። ያመጣችው ልጅም ስሟ አብሮ ስላለ ዝም ብላ ሰው አታመጣም። እኔ ያመጣችው ሰው የሙከራ ጊዜውን ሲጨርስ ለአምጪዋ ትንሽ ማበረታቻ እሰጣለሁ፣ በገባበት ቀን አልሰጥም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፣ አንድ ፈረቃ ሙሉ የአንድ ቤተሰብ ወይ የአንድ ሰፈር ልጆች እንዳይሆን፣ አንድ ለቅሶ ሲመጣ ቤቱ ይዘጋል።

ሁለተኛው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ የሆቴልና የምግብ ዝግጅት ትምህርት የሚሰጡ አሉ፣ የቱሪዝም ማሰልጠኛ ኢንስቲትዩትም አለ፣ ተማሪዎቹ ደሞ የልምምድ ቦታ ይፈልጋሉ። ለልምምድ ተቀብላችሁ በደንብ ያዟቸው፣ ልትቀጥሩት የምታስቡትን ሰው ወራት ሙሉ ሲሠራ ታዩታላችሁ ማለት ነው።

የቴሌግራም የሥራ ቻናሎች ብዙ ሰው ያመጣሉ ግን የሚመጣው ሰው የተደበላለቀ ነው። ማስታወቂያችሁ ላይ «ደሞዝ በስምምነት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ጥሩ የሆነ ሰው አይደውልም፣ ሌላ አማራጭ ያለው ሰው ታክሲ ከፍሎ ለድርድር አይመጣም። እኔ እንዲህ ነው የምጽፈው፦

«ባሬስታ እንፈልጋለን። ቦታ ሰሚት። ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ ቀኑ 8፣ ወይም ከቀኑ 8 እስከ ማታ 4፣ በየሳምንቱ ይቀያየራል። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት። ጥቅል 8,000፣ የተጣራ 6,290 ብር፣ ቲፕ ለብቻ፣ ምግብ ከቤቱ። ማታ ለሚወጡ መኪና እስከ መገናኛ። የ6 ወር ልምድ ይበቃል። ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት ይደውሉ።»

የሚደውለው ሰው ቁጥሩ ይቀንሳል። የሚመጣው ግን ቆርጦ ነው የሚመጣው።

ደላላን በተመለከተ፣ በዓል ሲቃረብ ሁላችንም እንጠቀማለን፣ ዕቃ አጣቢና እንጀራ ጋጋሪ ቶሎ ያገኛሉ። ግን ደላላ የሚያገኘው ሰው በተቀየረ ቁጥር ነው፣ ስለዚህ ሰው እንዲቆይላችሁ ፍላጎት የለውም፣ ከሁለት ወር በኋላ ያችኑ ልጅ ደውሎ ሌላ ቤት ሊወስዳት ይችላል። ከተጠቀማችሁ ኮሚሽኑን በሁለት ከፍላችሁ ክፈሉት፣ ግማሹን ሲያመጣ፣ ግማሹን ሁለት ወር ስትቆይ። ከልጅቷ ላይ ደሞ እንዳይቀበል ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ዕድሜም ጠይቁ። ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው፣ ከ15 እስከ 18 ያለ ልጅ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ መሥራት የለበትም፣ ማታም አይሠራም።

4. ጥያቄ ትንሽ፣ ሥራ ብዙ

ቃለ መጠይቅ ላይ «ጠንካራ ጎንሽ ምንድነው» ማለት ጥቅም የለውም፣ ሁሉም የተሸመደደ መልስ አለው። የሠራችበትን ጠይቋት፦ የመጨረሻው ቤት በሰዓት ስንት ስኒ ይወጣ ነበር፣ ወተት ሲያልቅ ማን ነበር የሚያዘው፣ ደምበኛ «ይሄ ቀዝቅዟል» ብሎ ሲመልስ ምን ታደርጊ ነበር፣ ለምን ለቀቅሽ። የኖረችበት ሰው ዝርዝር ያወራል።

ከዛ የሙከራ ቀን አድርጉ፣ ሦስት አራት ሰዓት፣ ክፍያ ያለው። «ለሙከራ ነው» እያሉ ሦስት ቀን በነፃ የሚያሠሩ ቤቶች አሉ፣ እባካችሁ እሱን ተዉት፣ ሰውየው ገና ሳይጀምር ያምናችኋል ወይ አያምናችሁም የሚወሰነው እዛ ጋ ነው። ባሬስታ ከሆነች አረፋውን ብቻ አትዩ። ወተቱን ካፈላች በኋላ የእንፋሎት ቧንቧውን ወዲያው በርጥብ ጨርቅ ጠርጋ እንፋሎት ትለቅበታለች ወይ፣ የተረፈውን ወተት ደግማ ታፈላዋለች ወይ፣ ቡናውን ከመጫኗ በፊት ማጣሪያውን ትጠርጋለች ወይ። እኔ ከቀጠርኳቸው ሁሉ የምትበልጠው ባሬስታ በሙከራ ቀኗ የመጀመሪያው ማኪያቶዋ አላማረም ነበር። ግን ማንም ሳይነግራት ጨርቁን ለሁለት ለየችው፣ አንዱን ለቧንቧው፣ አንዱን ለባንኮኒው። ማኪያቶ በሳምንት ይለመዳል፣ ያቺ ነገር ግን ለመልመድ ዓመት ትፈጃለች።

ወጥ ሠሪ ስትፈልጉ ደሞ ሽንኩርት ሲቁላላ እዩ። የሚቸኩል ሰው ዘይቱን ቀድሞ ይጨምራል።

የቀድሞ አሠሪ ጋ ደውሉ። አንድ ጥያቄ ይበቃል፣ «ተመልሳ ብትመጣ ትቀጥሯት ነበር?» መልሱ ከመምጣቱ በፊት ያለችውን ዝምታ አዳምጡ። ዋስ መጠየቅ ለካሸርና ለስቶር ሠራተኛ ይገባኛል፣ ለዕቃ አጣቢ ዋስ መጠየቅ ግን ከክፍለ ሀገር የመጣችዋን ጎበዝ ልጅ በር ላይ መመለስ ነው። መታወቂያውን ወይ ፋይዳውን ኮፒ አድርጉ እንጂ ኦሪጅናል ዶክመንት አትያዙ። ምግብ የሚነካ ሰው የጤና ምርመራ ያስፈልገዋል፣ ወጪውን እናንተ ሸፍኑ፣ ሕጉም በአሠሪው ላይ ነው የጣለው።

5. ውል

ይሄኛው አጭር ነው ግን አትዝለሉት። የምንተዳደርበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜ ከፈለጋችሁ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም። በቃል ብቻ ከቀጠራችሁ ደሞ በ15 ቀን ውስጥ የተስማማችሁበትን ጽፋችሁ ፈርማችሁ ለሠራተኛው መስጠት ግዴታችሁ ነው። ቅድም በቁጥር 2 የጻፋችኋትን ወረቀት እዚህ ጋ አውጧትና ወደ ውሉ ገልብጧት፣ አንድ ቅጂ ለእሱ። ከመፈረሙ በፊት ቁጭ ብላችሁ አንብቡለት፣ ማንበብ የሚከብደው ሰው ካለ ያፍራል እንጂ አይናገርም።

ጡረታ አስመዝግቡ። «ከደሞዝሽ ስለሚቆረጥ ይቅርብሽ» እያሉ የሚያግባቡ አሉ፣ ልጅቷም 23 ዓመቷ ስለሆነ እሺ ትላለች። ከእናንተ የሚወጣው 11 በመቶ ግን የእሷ ገንዘብ ነው፣ በጊዜ ሂደት ይሄ ሲገባት ትቆያለች።

6. የመጀመሪያው ሳምንት

አዲስ ሰው የሚለቅበት ሐሳብ የሚጀምረው እዚህ ነው፣ ደሞ ለመከላከል በጣም ቀላል ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሁሉም ሩጫ ላይ ሲሆን አዲሷ ልጅ ጥግ ላይ ቦርሳዋን ይዛ ትቆማለች፣ የት እንደምታስቀምጠው የነገራት የለም። ሽርጥ ይሰጣታል፣ የሌላ ሰው ነው፣ ትልቅ ነው። ምሳ ሰዓት ሁሉም ተጠራርቶ ሲበላ እሷን ያልጠራት ካለ፣ በቃ፣ ማታ ቤቷ ስትገባ ሌላ ሥራ መጠየቅ ትጀምራለች።

ስለዚህ ከመምጣቷ በፊት በማታው አዘጋጁ፦ በልኳ ሽርጥ፣ ስሟ የተጻፈበት መቆለፊያ፣ ፕሮግራም ላይ ስሟ። አንድ ሰው መድቡላት፣ አለቃ ያልሆነ፣ ትዕግሥት ያለው፣ ለአንድ ሳምንት «ማንኛውንም ነገር እሷን ጠይቂ» የምትሉት። ለዛች ለምታሳየው ልጅ ትንሽ ክፈሏት፣ ሥራዋ ላይ የተጨመረ ሥራ ነው። በመጀመሪያው ቀን ማዕዱ ላይ ራሳችሁ ጥሩና አብራችሁ ብሉ። በሦስተኛው ቀን ለብቻዋ «ከነገርንሽ የተለየ ያገኘሽው ነገር አለ?» በሏት። እኔ ይሄን ጥያቄ መጠየቅ ከጀመርኩ ወዲህ ነው በመጀመሪያው ወር የሚለቀው ሰው የቀነሰልኝ። አንዷ «ምሳ አለ ብላችሁኝ ነበር፣ ግን ከ9 ሰዓት በኋላ ነው፣ እኔ ጠዋት ሳልበላ ነው የምመጣው» አለችኝ። ጠዋት ሻይና ዳቦ ጨመርን፣ ለሁሉም። ያን ያህል ወጪም አልሆነም።

7. ገንዘቡ ላይ ቀልድ የለም

ደሞዝ በቀኑ ይግባ። 30 ካላችሁ 30 ነው፣ 30 እሁድ ከዋለ ቅዳሜ። አከራይ «ጋሼ ሥራው ቀዝቅዞበት ነው» ቢሉት አይገባውም፣ ሠራተኛው በደሞዝ ቀን ኪራይ አለበት፣ ዕቁብ አለበት፣ ወደ ቤተሰብ የሚልከው አለ። ካሽ ላይ ችግር ካለባችሁ ከራሳችሁ ድርሻ በፊት የእነሱን አውጡ።

ትርፍ ሰዓት ክፈሉ። መደበኛው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዛ በላይ ሲሆን ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት ባለው ለአንድ ሰዓት የአንድ ሰዓት ተኩል ሒሳብ፣ ከማታ 4 እስከ ጠዋት 12 ባለው 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል 2.5 ነው። በዓል ቀን በመደበኛ ሰዓቱ የሠራም ቢሆን ከእጥፍ ያላነሰ ይከፈለዋል። 8,000 ብር ደሞዝ በወር 26 ቀን በ8 ሰዓት፣ ማለትም በ208 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 38 ብር ከ46 ሳንቲም አካባቢ ነው፣ አንድ የትርፍ ሰዓት ደሞ 57 ብር ከ70 ገደማ። ይሄን ሒሳብ ጽፌ የልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። የለጠፍኩ ጊዜ «ታበላሻቸዋለህ» ያሉኝ ባለቤቶች ነበሩ፣ የሆነው ግን «ዛሬ ትንሽ ቆዩልኝ» ስል ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው ጠፋ።

ስለ መቁረጥ። ብርጭቆ ሰበርሽ፣ ሒሳብ ጎደለ፣ ደምበኛ ሳይከፍል ወጣ እያሉ ከደሞዝ መቁረጥ እኛ ዘርፍ ውስጥ እንደ ደንብ ተይዟል፣ በሕጉ ግን በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይ ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ከደሞዝ መቁረጥ አይቻልም፣ የሚቆረጠውም ከደሞዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። እኔም ድሮ እቆርጥ ነበር። አንድ ወር አንዷን ዕቃ አጣቢ በስድስት ብርጭቆ ቀጣኋት፣ ወሩ ሲያልቅ ሄደች። በኋላ ሳየው ማድረቂያው መደርደሪያ ያዘመመ ነበር፣ ማንም ቢያጥብ የሚሰብረው ዓይነት። አሁን በወር የሚሰበር በጀት አለን፣ ከበጀቱ በታች ከሆነ የተረፈው የሁሉም ነው። መደርደሪያውም ተቀይሯል።

ቲፕ የሠራተኛ ነው፣ ባለቤት እጁን አያስገባ። ለአስተናጋጅ ብቻ ይሁን ወይ ለኪችንም ይካፈል የሚለውን ራሳቸው ተነጋግረው ይወስኑ፣ እናንተ ሥራችሁ የወሰኑትን ጽፎ ማስቀመጥና ሳጥኑ በየማታው ሁለት ሰው ባለበት እንዲቆጠር ማድረግ ነው። እኛ ቤት ኪችኑ 30 በመቶ ይወስዳል፣ ተጣልተው ነው የተስማሙት፣ ግን የራሳቸው ስምምነት ስለሆነ ይከበራል።

ብድር ወይ አድቫንስ ይጠይቃሉ፣ በተለይ መስከረምና ፋሲካ ላይ። ደንብ አውጡለት፣ ስንት ድረስ፣ በስንት ወር ይመለሳል፣ በዓመት ስንቴ። ደንብ ከሌለው ለአንዱ ሰጥታችሁ ለሌላው ትከለክላላችሁ፣ ቂም ይሆናል።

ጭማሪ ደሞ ሳይጠየቅ ይምጣ። ሰው ጭማሪ ጠይቆ ካገኘ ቀድሞ ሌላ ቤት አይቷል ማለት ነው። ዓመት የሞላው ሰው ጋ በሞላበት ወር ተቀመጡ፣ ብትችሉ ጨምሩ፣ ባትችሉ ለምን እንዳልቻላችሁና መቼ እንደምትችሉ ቁርጥ ቀን ንገሩት፣ ያን ቀን ደሞ አትርሱት።

8. ዕረፍት፣ መንገድ፣ ለቅሶ

በሳምንት 24 ሰዓት ያልተቆራረጠ ዕረፍት ግዴታ ነው። እኛ ዘርፍ እሁድ መሆን ስለማይችል ቀኑን ከፋፍሉት፣ ግን በወር አንድ እሁድ ለሁሉም እንዲደርስ አድርጉ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው፣ ሰርግ ያለው፣ ዕድር ያለው ሰው ነው የምትቀጥሩት። ሙስሊም ልጆች ካሏችሁ አርብ የጁምዓ ሰዓትን ፕሮግራሙ ላይ አስገቡት፣ ረመዳን ላይ ደሞ የማፍጠሪያ ሰዓት ላይ ፈረቃ አታቀያይሩ።

የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ካላንደር ላይ ቀድማችሁ አስይዟቸው፣ የፍልሰታ ጾም ሥራ ቀዝቀዝ የሚልበት ቤት ካላችሁ እሱ ጥሩ ጊዜ ነው። የቅርብ ዘመድ ሲሞት ወይ ሲያገቡ 3 የሥራ ቀን ከነክፍያው፣ ለወለደች 30 ቀን ከመውለዷ በፊት 90 ቀን ከወለደች በኋላ፣ ለአባት 3 ቀን። ለቅሶ ላይ ግን ሕጉን ቆጥራችሁ ብቻ አትቁሙ፣ ሂዱ። ድንኳኑ ውስጥ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ገብታችሁ ስትቀመጡ ቤተሰቧ ያያል። አንዴ የወጥ ሠሪያችን እናት ሲያርፉ ቤቱን ግማሽ ቀን ዘግተን ደብረ ብርሃን ሄድን። እትዬ ከዛ ወዲህ ሁለት ቦታ በተሻለ ደሞዝ ተጠርተው አልሄዱም። ለዚህ ብለን አልነበረም የሄድነው፣ እሳቸውም ያንን ስለሚያውቁ ነው።

መንገድ ትልቅ ጉዳይ ነው፣ ባለቤቶች መኪና ስላለን አይታየንም። ሠራተኛው የሚኖረው ኪራይ የሚቀመስበት ቦታ ነው፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ። ማታ 4 ሰዓት የወጣች ሴት ልጅ ጨለማ ውስጥ ታክሲ ስትጠብቅ ማሰብ አለባችሁ። ከጎረቤት ካፌ ጋር ተካፍላችሁ አንድ ሚኒባስ በወር ኮንትራት ያዙ፣ ወይ የማታ ፈረቃውን ቅርብ ለሚኖሩት ስጡ። ኪራይና መንገድ ትልልቆቹንም ፈትኗል፣ በ2008 የተከፈተው ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በ2011 የልብስ ስፌት መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር አካባቢ ነበር፣ ከገጠር የመጡት ልጆች ኪራይና ምግብ ሲቀንሱ የሚቀራቸው ስላልነበረ በመጀመሪያው ዓመት የሚለቀው ሰው ብዛት ፋብሪካዎቹን አስጨንቋል። ደሞዙን ስትወስኑ ኪራይ፣ ታክሲና አስቤዛ ቀንሳችሁ ምን ይተርፈዋል ብላችሁ አስሉ።

9. ሱፐርቫይዘሩ

ሰው የሚያየው አለቃ እናንተን አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ የቆመውን ነው። ጎበዝ አስተናጋጅ ስለሆነ ብቻ ሱፐርቫይዘር አታድርጉ። ደምበኛ ፊት ሠራተኛ የሚሰድብ ሰው ስንት ሽያጭ ቢያመጣም ቤት ያፈርሳል። የእኔውን ሱፐርቫይዘር ለማንሳት ስምንት ወር ፈጅቶብኛል፣ እኔ ስመጣ ሁሉ ነገር ጥሩ ስለሚመስል። የገባኝ ፈረቃው መሀል ሳይነገር ስመጣ ነው፣ ልጆቹ ኪችን ውስጥ በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት፣ እሱ ወደ መጋዘን ሲገባ ድምፃቸው ይመለሳል።

ለሁሉም አንድ ደንብ አውጡ፦ ስህተት ለብቻ ነው የሚነገረው፣ ምስጋና ሰው ባለበት። ተግሣጽ ሲሰጥ ምን እንደተሠራና ምን መሆን እንደነበረበት ይነገር፣ ስለ ዘሯ፣ ስለ አመጣጧ፣ ስለ አነጋገሯ አንድ ቃል አይነሳ፣ በዚህ የተገኘ አለቃ ያኔውኑ ይውረድ። በወር አንዴ ከእያንዳንዱ ሰው ጋር 15 ደቂቃ ተቀመጡ፣ ሱፐርቫይዘሩ ሳይኖር። የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ጥያቄ ነው፣ ምን ያስቸግርሃል፣ ባለፈው ወር የነገርከኝስ ተስተካከለ? ሁለተኛውን ካልጠየቃችሁ የመጀመሪያውን መመለስ ያቆማሉ።

10. ከዕቃ ማጠቢያ ወደ ምድጃ

ለሁሉም ሥራ ቀጣይ ደረጃ ይኑረው፣ በጽሑፍ፣ ከነደሞዙ። ዕቃ አጣቢ ስድስት ወር ከሠራች ሰላጣና ጁስ ትማራለች፣ ከዛ ቁርስ፣ ከዛ ምድጃ። አስተናጋጅ ካሸር ይሆናል፣ ካሸር ፈረቃ መሪ። ክፍት ቦታ ሲመጣ ከውጭ ከመፈለጋችሁ በፊት ለቤቱ ሰው ንገሩ። የብቃት ማረጋገጫ ፈተና መውሰድ ለሚፈልግ ክፍያውን ሸፍኑለት፣ ፈተና ቀን ፈቃድ ስጡት። «ካስተማርኩት በኋላ ቢሄድስ» ይላሉ ሰዎች፣ አዎ የሚሄድ አለ፣ ግን ምንም ሳይማር የሚቀመጥ ሰው ደሞ ለደምበኛው ምን ይሰጠዋል።

የማታ ትምህርት የሚማሩ ልጆችን ውደዷቸው። ፈረቃ ማስተካከል ብቻ ነው የሚፈልጉት፣ ለዛ ሲሉ ሦስት አራት ዓመት ይቆያሉ።

11. ሲለቅ በደንብ ሸኙት

መልቀቅ የሚፈልግ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፣ ግን ያን 30 ቀን ቅጣት ካደረጋችሁበት ቀጣዩ ሰው ሳይነግራችሁ ይጠፋል። የቀረውን ክፍያ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ክፈሉት፣ ሕጉ ነው፣ ያልተጠቀመበትን የዓመት ፈቃድም ጨምሩ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ በነፃ ስጡት፣ መያዣ አታድርጉት። እኔ ከመቆየታቸው ዘመንና ከደሞዛቸው በተጨማሪ በምን ጎበዝ እንደነበሩ አንድ ዓረፍተ ነገር እጨምራለሁ፣ ያች ዓረፍተ ነገር ሥራ ታስገኛለች። በመጨረሻው ቀን ቡና አፍሉ፣ ባልደረቦቹ ይሰናበቱት።

ባለፈው ሰኔ ባሬስታችን፣ ያቺ ጨርቁን ለሁለት የለየችው፣ ወደ ዱባይ ሄደች። ማሽኑን ለተተኪዋ ሁለት ሳምንት አስተማረች፣ የወፍጮውን ልክ በእጇ ጽፋ ከማሽኑ ጎን ለጠፈችላት። ጥቅምት ላይ ደወለች፣ «ጋሼ፣ ታናሽ እህቴ ከደሴ መጥታለች፣ ሁሉንም ነግሬያታለሁ፣ ቅዳሜ እንደሚበዛም ጭምር» አለችኝ። ለልጅቷ በልኳ ሽርጥ አዘጋጅተን፣ መቆለፊያው ላይ ስሟን ጽፈን ጠበቅናት። ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል በር ላይ ነበረች።